ጠገራን የሚያውቅ ጣት

አያቴ ጠገራ ብር ስትቀበል ፊቱን ቀድማ አታይም ነበር። መጀመሪያ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ጠርዙን ይዛ ቀስ እያለች ታዞረዋለች። ቀጥላ አውራ ጣቷን በብሩ ላይ በተቀረጸችው ንግሥት ትከሻ ላይ ታሳርፍና ዕንቁዎቹን ትዳብሳለች። በመጨረሻ በጣቷ ጫፍ ላይ አስቀምጣ በሌላ ብር ጠርዙን ነካ ታደርገውና ድምፁ እስኪያልቅ ዝም ትላለች። ብሩን ገልብጣ የምታየው ፍርዷን ከሰጠች በኋላ ነው፤ እንግዳን ቤት ካስገቡ በኋላ ስሙን እንደ መጠየቅ ያለ ነገር።

እኔ ጠገራ መሰብሰብ የጀመርሁት እሷ ካረፈች ከዓመታት በኋላ ነው። ሚዛን ገዛሁ፤ ማጉያ መነጽር ገዛሁ፤ ስለ ሳንቲም የተጻፉ መጻሕፍትም አገላበጥሁ። ከእሷ ቅደም ተከተል የተሻለ ግን እስካሁን አላገኘሁም፦ ጠርዝ፣ ዕንቁ፣ ድምፅ፣ ከዚያ ፊት። ሲታለሉ ያየኋቸው ሰዎች ሁሉ ከፊቱ የጀመሩ ናቸው። ፊት ለመቅዳት ቀላል ነው፤ ጠርዝ ግን አስመሳዩን ያደክመዋል።

እንዲህ ያለ ጣት ወደ ላስታ ደጋ ከየት እንደ መጣ ለማየት ከሙጃ እንነሣ። ሙጃ የግዳን ወረዳ ከተማ ናት፤ ብርዷ የሚቆነጥጥ፣ ገብስና በግ የሚወጣባት የደጋ ገበያ። ስለ ገንዘብ ታሪክ ሲነሣ ስሟን የሚጠራ የለም። ሆኖም በመጋቢት 1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ፣ አሸንጌን አልፎ የላስታን ደጋ የተሻገረው በዚህ በኩል ነበር። ሙጃም በጉዞው ታሪክ ከጦሩ ማረፊያዎች አንዷ ሆና ተጽፋለች። ያ ሁሉ ሠራዊት፣ በቅሎውና ዝሆኑ ሳይቀር፣ መብላት ነበረበት። ገብሱም፣ ሣሩም፣ ማገዶውም የተገዛው በጠገራ ነው። እንግሊዞቹ የራሳቸውን ገንዘብ አገሬው እንደማይቀበል አስቀድመው ተረድተው ስለ ነበር፣ ብሩን በሚሊዮን ቆጥረው ከቪየና ማተሚያ ቤት አዘዙ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ ጦሩም በመጣበት ተመለሰ፤ ብሩ ግን አልተመለሰም። በላስታ ሣጥኖች፣ በሙሽሮች አንገት፣ በብር ሠሪዎች ማቅለጫ ውስጥ ቀረ። ዛሬ ከዚህ አገር ሣጥን የሚወጣ ጠገራ ሁሉ የናፒየር ነው ማለቴ አይደለም፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ በምጽዋ በኩል ይገባ ነበርና። ነገር ግን ይህ ታሪክ በዚህ ደጋ ጠገራን የሚያውቅ ጣት ከየት እንደ መጣ ያመለክታል። ከአፋር ሜዳ ተቆርጦ በሰቆጣ ገበያ በኩል በሚመጣው አሞሌ ጨው ለሚገበያይ ገበሬ፣ ሙሉ ጠገራ ትልቅ ሀብት ነበር። ትልቅ ሀብት የሚቀበል ሰው ደግሞ መመርመር አይቸግረውም።

አሁን ስለ ብሩ ራሱ። በፊቱ ላይ ያለችው ሴት ማርያ ቴሬዛ ናት፤ የኦስትሪያ ገዥ፣ የሃንጋሪና የቦሄሚያ ንግሥት። ራሷ ላይ የተከናነበችው የመበለት ሻሽ ነው፤ ባሏ ፍራንሲስ በ1765 እ.ኤ.አ. ሞቶባታል። በጀርባው ሁለት ራስ ያለው ንስር ክንፉን ዘርግቶ ይታያል፤ ደረቱ ላይ ጋሻ አለው። ዓመቱ 1780 ነው። እሷም የሞተችው በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ነው። በስሟ የሚመታው ብር ግን አልቆመም፤ የቀይ ባሕር ነጋዴ ሌላ ፊት ስለማይቀበል ያው ፊት፣ ያው ዓመት እየተደገመ ተመታ። ቪየና፣ ፕራግ፣ ሚላኖና ቬኔዚያ መቱት። በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ሲሰናዳ ኢጣሊያ የመምታቱን መብት ከኦስትሪያ ወስዳ ሮማ ላይ አስመታችው፤ ወዲያው ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስ ተከተሉ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ቦምቤይ ታከለች። በጠቅላላው ከ300 ሚሊዮን በላይ ተመትቷል። ቪየና እስከ ዛሬ እየመታች ትሸጠዋለች።

ስለዚህ 1780 የሚለው ቁጥር ስለ ዕድሜው የሚነግራችሁ ነገር የለም። «ይኸው ዓመቱ ተጽፎበታል፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል» የሚል ሻጭ አንድም አያውቅም፣ አንድም እንደማታውቁ ገምቷል። መጀመሪያ በጉንዝቡርግ ከተማ የተመታው የ1780 ብር በእርግጥ ብርቅ ነው። ከንግሥቲቱ ደረት በታች ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ኤስ እና ኤፍ፣ የዚያ ማተሚያ ቤት ሹሞች የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው። ሆኖም በኋላ የመቱትም ሁሉ እነዚያኑ ፊደላት ይዘው ስለ ቀጠሉ ፊደሉ ብቻውን አያስደስታችሁ። የትኛው ከተማ መቼ እንደ መታው የሚለየው በንስሩ ጭራ ላባ አደራደር፣ በትከሻው ጌጥ ቅርጽና በጠርዙ ላይ ባለው ሐረግ ነው። ይህ ልዩነት በንጽጽር ካልሆነ አይያዝም፤ አሥርና ሃያ ብር ጎን ለጎን ደርድሮ በማጉያ መነጽር ብዙ ማታ ማሳለፍን ይጠይቃል። እኔ ይህን ሥራ እወደዋለሁ፤ ጀማሪ ግን ከዚህ መነሣት የለበትም። ጀማሪ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ብር ተመትቷል ወይስ ቀልጦ ፈስሷል?

የዚህን ጥያቄ ክብደት የተረዳሁት ስለ ቻይና ነገሥታት ሳንቲም ሳነብ ነው። ቻይናዎች ክብ ሆኖ መካከሉ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ሳንቲማቸውን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የሠሩት በማቅለጥ ነው። በጥንቃቄ የተቀረጸ ናሙና አሸዋ ላይ ይታተማል፤ የቀለጠው ነሐስ፣ ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ደግሞ በአብዛኛው ናስ፣ በቦዩ ይፈስሳል፤ ሲቀዘቅዝ ሳንቲሞቹ እንደ ዛፍ ፍሬ ከግንዱ ይለቀማሉ፤ ጠርዛቸውም በሞረድ ይስተካከላል። እነዚህ ሳንቲሞች ሩቅ ሄደዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ በማንዳ ደሴት ላይ ከ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሆነ የንጉሥ ዮንግሌ ሳንቲም ተገኝቷል። እንዲህ ያለውን ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ጠርዙ ላይ የሞረድ ጭረት ሲያይ ደስ ይለዋል፤ የትውልድ ምልክቱ ነውና። ጠገራ ላይ ግን ያው ጭረት የሌባ አሻራ ነው። ጠገራ ከተስተካከለ የብር ዝርግ ላይ በብረት ማተሚያ በኃይል የተመታ ነው፤ በአሸዋም በሰምም አላለፈም። የሞረድ ጭረት ካለበት፣ ወይ ከመቅለጫው የተረፈው አንገት ተሞርዶለታል፣ ወይ ሁለቱ ግማሾች የተገናኙበት ስፌት ተደብቆበታል፣ ወይም አንድ ሰው ብር ሊሰርቅ ጠርዙን ፍቆታል። በሦስቱም መንገድ ብሩ ጎድሏል።

ጠርዙን ስታዞሩ ጣታችሁ መንካት ያለበት ጽሑፍ ነው። በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» የሚሉ ፊደላት ከሐረግ ጋር እየተፈራረቁ ብሩን ይዞሩታል። ፊደላቱ ወደ ውስጥ የገቡ ሳይሆኑ ወደ ውጭ የወጡ ናቸው፤ ስለዚህ ዐይናችሁን ጨፍናችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ብዙ ዘመን የኖረ ብር ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ፊደላቱም ይሟሽሻሉ፤ ቢሆንም ዙሪያውን ሁሉ እኩል ነው የሚሟሽሹት። ግማሹ ጥርት ብሎ ግማሹ የጠፋ፣ ወይም ዙሪያውን ቀጭን መስመር የሚሄድበት ጠርዝ ካገኛችሁ ብሩን መልሳችሁ ለባለቤቱ ስጡት። ክርክር አያስፈልግም።

ዕንቁዎቹ ቀጥለው ይመጣሉ። የንግሥቲቱን ልብስ ትከሻዋ ላይ የሚይዝ ክብ ጌጥ አለ፤ ዙሪያውን በትንንሽ ዕንቁዎች ተከብቧል። ግንባሯ ላይም እንዲሁ የዕንቁ ዘውድ አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን አገራችንን የጎበኙ የውጭ ተጓዦች እየተገረሙ ከጻፏቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ ገበሬው የዘውዱን ዕንቁ ይቆጥራል፤ የትከሻውን ጌጥ ይመረምራል፤ ከሥር ያሉትን ሁለት ፊደላት ይፈልጋል፤ ከሦስቱ አንዱ ከደበዘዘ «አልቀበልም» ይላል። ዐረቦችም ከዚሁ ዕንቁ ተነሥተው ብሩን አቡ ኑቅጣ፣ የነጥብ አባት፣ ብለውታል። ተጓዦቹ ይህን የአገሬው ግትርነት አድርገው አዩት። እኔ ግን ከዚያ የላቀ ብልህነት አላውቅም። ዕንቁዎቹ የብሩ ከፍ ያሉ ቦታዎች ናቸው፤ ብር ሲቀንስ ቀድመው የሚያልቁት እነሱ ናቸው። ቀልጦ በተሠራ ብር ላይም ቀድመው የሚበላሹት እነሱ ናቸው፤ የቀለጠ ብረት እንዲህ ያለ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ በደንብ አይገባምና። ዕንቁ የሚቆጥር ገበሬ በአንድ ጊዜ ክብደትንም እውነትንም ይለካል። በተመታ ብር ላይ እያንዳንዷ ዕንቁ ብቻዋን ቆማ በጣት ጫፍ ትቆጠራለች። በቀለጠው ላይ ግን እንደ ተቀቀለ ምስር ተያይዘው ታገኟቸዋላችሁ።

ድምፁን በተመለከተ ጥንቃቄ ያሻል። ጥሩ ጠገራ ሲነካ ከሩቅ እንደሚሰማ ቃጭል ቀጭንና ረጅም ድምፅ ያወጣል፤ ድምፁም ቀስ እያለ ይሄዳል እንጂ ተቆርጦ አይቀርም። እርሳስና ቆርቆሮ የበዛበት አስመሳይ ጠብ ብሎ ይቀራል። ነገር ግን ናስም ይጮኻል፤ ጥሩ አድርጎ ይጮኻል። በሌላ በኩል እውነተኛ ጠገራ ስንጥቅ ካለበት፣ ወይም ማንጠልጠያ ከተበየደበት፣ ድምፁ ይታፈናል። ስለዚህ ድምፅ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። አያቴም ድምፁን በመጨረሻ ያደረገችው ለዚህ ይመስለኛል።

ዳኛው ሚዛን ነው። ጠገራ ሲወለድ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 23.4 ግራሙ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ስፋቱ ወደ 40 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ብር ሠሪዎቻችን ይህን ክብደት ስለሚያምኑት አንዱን ጠገራ የወቄት መለኪያ አድርገውት ኖረዋል። ብዙ እጅ ያለፈ ብር የግራም ጥቂት ክፋይ ያጣል፤ 25 ግራም የሚመዝን ጠገራ ግን በቂ ምክንያት ማቅረብ አለበት። እዚህ ላይ ማንም ሰው ማእድ ቤቱ ውስጥ ሊያደርገው የሚችል አንድ ፈተና አለ፤ እኔ ሳላደርገው ገንዘብ አልከፍልም። የኤሌክትሪክ ትንሽ ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት። ብሩን በቀጭን ክር አስራችሁ ውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አስጥሙት፤ የብርጭቆውን ታችም ጎንም አይንካ። ሚዛኑ 2.7 ወይም 2.8 ግራም አካባቢ ካነበበ፣ የብሩንም ክብደት ለዚያ ቁጥር ስታካፍሉት 10.2 አካባቢ ከወጣ፣ በእጃችሁ ያለው ትክክለኛው የብርና የመዳብ ድብልቅ ነው። ብር የተቀባ ናስ ሲካፈል 8.5 ገደማ ይሰጣል። በመጠኑ ከጠገራ እኩል የሆነ ናስ 23 ግራም ገደማ ብቻ ስለሚመዝን፣ አስመሳዩ ክብደቱን ለማሟላት ማወፈር ይገደዳል። ስለዚህ ከሌላ ጠገራ ጋር ጎን ለጎን ስታቆሙት ወፍሮ የሚታያችሁን ብር ተጠራጠሩት።

እኔም ተታልያለሁ። ከዓመታት በፊት ላሊበላ ውስጥ ከአንድ የመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ጥቁር ያለ ደስ የሚል ጠገራ አየሁ። ፊቱ ያምራል። ጥቁረቱ የዘመን መሰለኝ። ጠርዙን አላዞርሁም፤ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስለ ነበር ቸኮልሁ። ቤት ስገባ በማጉያ መነጽር ሳየው የንስሩ ክንፎች መካከል እንደ እንጀራ ዐይን ያሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሞልተዋል። ናስ ሲቀልጥ የሚይዘው አየር ሲወጣ የሚተወው ምልክት ነው። የተመታ ብር ሜዳው ለስላሳ ነው፤ ይቧጨራል፣ ይጎደጉዳል፣ ግን ዐይን አያወጣም። ያን ሐሰተኛ ብር አልጣልሁትም። አሁን ጀማሪ ሰው ሲመጣብኝ ከእውነተኛው አጠገብ አስቀምጥለታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገኝም።

ስለ ጥቁረት ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ብር በዘመን ብዛት ይጠቁራል፤ ጥቁረቱ የሚቀመጠው ግን ጣት በማይደርስባቸው ጎድጓዳ ቦታዎች ነው፦ በፊደላቱ ሥር፣ በላባዎቹ መካከል፣ በሻሹ እጥፋት ውስጥ። ከፍ ያሉት ቦታዎች፣ ትከሻው፣ ከጆሮዋ በላይ ያለው ሻሽ፣ የንስሩ ደረት፣ ጣት ስለሚያሻቸው ያበራሉ። በጭስ ወይም በመድኃኒት የጠቆረ ብር ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። መቀነሱም እንዲሁ ነው። ሕይወት ያየ ብር የሚያልቀው ከፍ ባለው በኩል ብቻ ነው፤ ጎድጓዳው ከተመታበት ቀን ብዙም አይለወጥም። ከአሮጌ ብር ላይ ተቀድቶ የቀለጠ ግን ጎድጓዳውም ጉብታውም አንድ ላይ የደበዘዘ ነው፤ ከመስኮት ጭጋግ በስተጀርባ እንደሚታይ ፊት።

በዚህ ምክንያት ጠገራን መወልወል ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ። በሎሚ፣ በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና ታሽቶ እንደ መስተዋት የሚያበራ አሮጌ ብር ሳይ አዝናለሁ። የመቶ ዓመት ምስክርነት በአንድ ከሰዓት ታጥቧልና። በደረቅ ወረቀት ወይም በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እርጥበት በሌለበት አስቀምጡት። ለስላሳ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አታኑሩት፤ እየቆየ አረንጓዴ ቅባት ያወጣበታል።

አሁን ከውጭ አገር ሰብሳቢዎች ጋር ወደምለይበት ነገር ልመጣ። የእነሱ የዋጋ መጽሐፍ የተበሳ ብርን የተበላሸ ይለዋል፤ ማንጠልጠያ የተበየደበትንም እንዲሁ። ለእነሱ ምርጡ ከማተሚያው ወጥቶ ማንም ያልነካው ብር ነው። እንዲህ ያለውን ከቪየና ዛሬም ማዘዝ ይቻላል፤ እንከን የለውም፤ ምንም የሚነግረኝ ነገርም የለውም። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምፈልገው አንገት ላይ የዋለውን ጠገራ ነው። በላስታና በመላው ወሎ ጠገራ ለጥሎሽ ይሰጣል፤ በድሪ ላይ ይሰካል፤ ከማተብ ጋር ይንጠለጠላል። ከገበያ ከወጣ በኋላ፣ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከታወጀ ወዲያ፣ በዚህ ደጋ ብዙ ጠገራ የኖረው በዚህ መንገድ ነው። ቀዳዳው ብሩ አገራችን ውስጥ ምን ሆኖ እንደ ኖረ የሚናገር ብቸኛው ጽሑፍ ነው።

ቀዳዳ ግን ራሱ ይመረመራል፤ ሻጮች የእኛ ዓይነት ሰው መኖሩን ያውቃሉና። አሮጌ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ በምስማር ወይም በመብሻ ተመትቶ የተከፈተ ነው፤ በአንዱ ፊት ገባ ብሎ በሌላው ፊት ከንፈር አለው፤ ከንፈሩም በልብስና በቆዳ ታሽቶ ለስልሷል። ክሩ ለዘመናት ስለ ጎተተው የቀዳዳው የላይኛው ጎን ወደ ጠርዙ ተበልቶ እንቁላል መስሏል። ውስጡም እንደ ሌላው ጎድጓዳ ሁሉ ጠቁሯል። ትናንት በመሰርሰሪያ የተበሳ ግን ፍጹም ክብ ነው፤ ውስጡ ያበራል፤ ጠርዙም ጣት ይቧጥጣል። ማንጠልጠያውን ደግሞ ብየዳውን አይታችሁ ፍረዱ። የድሮ ብር ሠሪ በብር ብየዳ ነው የሚበይደው፤ ነጭ ሆኖ ከብሩ ጋር አብሮ ይጠቁራል። ግራጫና ለስላሳ ሆኖ በጥፍር የሚቧጠጠው የሬድዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ ነው። ፊቱ ላይ የዐረብኛ ወይም የሌላ አገር ማኅተም ተደርቦበት የሚመጣ ጠገራም አለ። እውነተኛው የሚደነቅ ነው፤ ሆኖም ማኅተሙ በሐሰት የተጨመረበት ብዙ ስለሆነ ጀማሪ ሳይቸኩል ቢያልፈው ይሻለዋል።

ከጠገራ ጎን የሚቀመጠው የምኒልክ ብር ነው። ፓሪስ ላይ ተመትቶ 1887 የሚል ዓመት ይዞ ወጣ፤ ክብደቱ ሆነ ተብሎ ከጠገራ ጋር እኩል ተደርጓል፤ ከሥሩም አላድ፣ ሩብና ተሙን የሚባሉ አነስተኛ ሳንቲሞች አሉት። በአንዱ ፊት ዘውድ የጫኑት ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው ሞአ አንበሳ። በሥራ ጥራት ከጠገራ ይበልጣል ብዬ እፈርዳለሁ፤ የአንበሳው ጎፈር ብቻውን ለዚህ ፍርድ ይበቃል። የሰሜኑ ገበሬ ግን ጣቱ የለመደውን ዕንቁ ስላላገኘበት ለብዙ ጊዜ አልተቀበለውም። በዚህ ብር ላይ እኛ ከማንም የምንበልጥበት ነገር አለ፦ ማንበብ እንችላለን። የንጉሡን ስምና ማዕርግ ፊደል በፊደል እያነበባችሁ ዙሩት። ግዕዝ በማያውቅ እጅ የተቀረጸ አስመሳይ የፊደል እግር ያሳጥራል፣ ቀለበት ያስቀራል፣ «ሞ»ን «ም» ያስመስላል። የአማርኛ አንባቢ ይህን በአንድ ዕይታ ይይዘዋል።

የአክሱም ሳንቲም የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ ግን አትግዙ። ከንጉሥ ኢንዱቢስ ጀምሮ የተመቱት እነዚያ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ከመሬት የሚወጡ ናቸው፤ ከመሬት የሚወጣ ጥንታዊ ዕቃ የአገር ቅርስ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ከአያት የወረሳችሁትንም ብር ይዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ብርም እንዲሁ ለገበያ አይደለም። ብዙ ጠገራ በላስታ ብር ሠሪዎች እጅ ቀልጦ የአንገት መስቀል ሆኗል፤ እንደ ሳንቲም ቢጠፋም እንደ መስቀል ክብሩ አልቀነሰም። በዚህ አገር የማቅለጥ ሥራ ትክክለኛ ቦታው ያ ነው፤ የላሊበላ መስቀል በሰም ተቀርጾ ቀልጦ የሚወለድ ነውና።

እኔ ዘንድ አሁን ያሉት ጠገራዎች ጥቂት ናቸው። ሁለቱ ከሚዛንና ከማጉያ መነጽር ጋር ተሟግቼ የገዛኋቸው ናቸው፤ ጥሩ ናቸው፤ የመጣ ሁሉ ያደንቃቸዋል። አንዱ የአያቴ ነው። የትከሻው ዕንቁ በአውራ ጣት ብዛት ሊጠፋ ደርሷል፤ ጠርዙ ለስልሷል፤ ከዘውዱ በላይ እንቁላል የመሰለ ቀዳዳ አለው። የዋጋ መጽሐፉ እንደሚለው ከሦስቱ ትንሹን የሚያወጣ እሱ ነው። እኔ ግን ሁለቱን ሰጥቼ እሱን አላስነካም። የማን አንገት ላይ እንደ ዋለ፣ በማን ሠርግ እንደ ተሰጠ፣ ከየትኛው ገበያ እንደ መጣ አያቴን አልጠየቅኋትም። እሷ ባለችበት ዘመን ይህን መጠየቅ እንደሚገባኝ አላወቅሁም።

እናንተ ቤት ሣጥን ውስጥ፣ በእናታችሁ ድሪ ላይ፣ ወይም በአያታችሁ መቀነት ጫፍ የተቋጠረ ጠገራ ካለ፣ አትወልውሉት፤ በሚዛንም አትሽጡት። ባለቤቱ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ከብሩ ጋር ጠቅልላችሁ አኑሩት።